ምዕራፍ 7፦ የሌሊት ሰዓት ዋጋ

በምዕራፍ 4 የቡሬን የበቆሎ ገበያ ስናነሳ አንድ ነገር አይተን ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች አሥር አሥር ኩንታል ያመርታሉ። ዘሩ አንድ፣ መሬቱ አንድ፣ እህሉም በጥራት የማይለይ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን እጃቸው የገባው ብር የትና የት ነው። አንደኛው በታኅሣሥ ሸጠ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ነበረበት፣ በቆሎውን ከነቀዝ የሚያስጥልበት በቂ ቦታም አልነበረውም። ሁለተኛው ጎተራው ውስጥ ከቶ እስከ ሐምሌ ዝም አለ። ማንም ማንንም አላጭበረበረም። ሚዛኑ ትክክል ነበር፤ ነጋዴውም ለሁለቱም የዕለቱን ዋጋ ነው የከፈለው። ልዩነቱን ያመጣው መጠበቅ መቻል ነው። መጠበቅ ያስቻለው ደግሞ ጎተራው።

ያን ጎተራ በዚህ ምዕራፍም እንፈልገዋለንና አትርሱት። አሁን ከእህል ተራው ወጥተን ወደ ሆስፒታል እንገባለን። በአንድ ዓመት የተመረቁ፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ የያዙ፣ በአንድ ሆስፒታል የተመደቡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሐኪም አሉ እንበል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ ቤት መሥራት ሲጀምር ሌላዋ ገና የቤት ኪራይ ላይ ናት። ለምን?

ፔሮሉ ምን ይላል?

ሕጉን ብቻ ካየን ጥያቄው ራሱ ውኃ የሚያነሳ አይመስልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 42 ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸውን በስም ጠርቶ ጽፎታል። ወደ ታችም እንውረድ። በፍኖተ ሰላምም ይሁን በቡሬ በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ደመወዙ የሚወሰነው በደረጃና በእርከን ነው። ስኬሉ ላይ ጾታ የሚባል ዓምድ የለም። ፔሮሉን ይዞ የተቀመጠውን ሒሳብ ሹም ብትጠይቁት «እኛ ጋ ወንድ ሴት የለም፣ እኩል ነው» ይላችኋል። ትክክል ነው።

ይህ መልስ የሚያጠግበን ግን ሐኪም በደመወዙ ብቻ የሚኖር ቢሆን ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደመወዙ አያኖርም ብለው ነው። ደመወዝ የማያኖረው ሰው የሚኖረው በሌላ ኪስ ነው። የሐኪም ኪስ ስንት ነው ቢባል ቢያንስ አራት ይቆጠራል። የመጀመሪያው ደመወዙ ነው። ሁለተኛው ዱቲ ነው፤ ከመደበኛ ሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሌሊትና በዓል ቀን ለሚሠራ በሰዓት ተሰልቶ የሚከፈል። ሦስተኛው የማታና የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፤ በግል ክሊኒክ ወይም በራሱ በሆስፒታሉ ውስጥ «ፕራይቬት ዊንግ» በሚባለው የግል ክንፍ። አራተኛው ሥልጠና፣ ዘመቻና ስብሰባ የሚያመጣው አበል ነው።

እነዚህን ኪሶች አንድ በአንድ ዳብሷቸው። የመጀመሪያው ብቻ ነው በቢሮ ሰዓት የሚሞላው። የቀሩት የሚከፈቱት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቅዳሜ፣ ወይም ከቤት ርቆ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሲታደር ነው። ሒሳብ ሹሙ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። የዱቲው በሌላ ወረቀት ይመጣል፣ የክሊኒኩ በሌላ ቤት ይከፈላል፣ አበሉ በሌላ በጀት ይወራረዳል። አራቱን ኪሶች አንድ ላይ አድርጎ የሚደምር መዝገብ የለም። የክፍያ ልዩነቱም እንዲህ ተበትኖ ነው ከዓይን የሚሰወረው።

ሰዓት እንደ በቆሎ

እስቲ በደብተር ላይ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የማንም ሆስፒታል ሒሳብ አይደሉም። የሁለቱም ሐኪሞች ደመወዝ 100 ይሁን። አንድ ሌሊት ዱቲ 4፣ አንድ ማታ በግል ክሊኒክ 5 ያስገኝ። ወንዱ በወር 8 ሌሊት ዱቲ ይገባል፣ 12 ማታ ክሊኒክ ይሠራል። ሴቷ 4 ሌሊትና 4 ማታ ትሠራለች። የእሱ ድምር 192፣ የእሷ 136 ይሆናል። እሱ 100 ብር ሲያገኝ እሷ የምታገኘው 71 ገደማ ነው። አስተውሉ፦ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድም ሰው «ለሴት ቀንስ» አላለም። የአንድ ሌሊት ዋጋ ለሁለቱም 4 ነው። የአንድ ማታም ዋጋ ለሁለቱም 5 ነው።

ሰዓት እንደ በቆሎ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለ ሰዓት የታኅሣሥ በቆሎ ነው፤ ሁሉም አለው፣ ርካሽ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያለ ሰዓት የሐምሌ በቆሎ ነው። ውድ የሆነውም ሥራው ስለከበደ ብቻ ሳይሆን ያንን ሰዓት አውጥቶ መሸጥ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ያን ሰዓት ለመሸጥ ጎተራ ያስፈልጋል። የሐኪም ጎተራ ምንድን ነው? ቤቱን የሚይዝለት ሰው ነው። ሕፃኑ ሌሊት ሲነቃ አብሮ የሚነቃ፣ እራት የሚያቀርብ፣ ትኩሳት ሲነሳ የሚለካ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው።

ወንዱ ሐኪም ይህ ጎተራ አብዛኛውን ጊዜ አለው። ሚስት ናት፣ እናት ናት፣ ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ ናት። ኪራይም አይከፍልበትም። ሴቷ ሐኪም ራሷ የሌላ ሰው ጎተራ ናት። እሷ ስትወጣ የሚተካት ሰው ካልቀጠረች ቤቱ ክፍቱን ይቀራል። ስለዚህ ከ136ቱ ላይ ለሞግዚትና ለቤት ሠራተኛ 15 ትከፍላለች እንበል። 121 ቀራት። አሁን እሱ 100 ብር ሲያገኝ የእሷ ወደ 63 ገደማ ወረደ። ፔሮሉ አሁንም «እኩል» ይላል።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሕዝብ የጊዜ አጠቃቀም ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ ምግብ በማዘጋጀት፣ ውኃና ማገዶ በማምጣት፣ ልጅና በሽተኛ በመንከባከብ ሴቶች የሚያጠፉት ጊዜ ከወንዶቹ እጅግ ይበልጣል። የሕክምና ዲግሪ ይህን አይሽረውም። ነጭ ጋዋን ሆስፒታል በር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚቀረው፤ ቤት ስትገባ እንደ ማንኛዋም እናት ነጠላዋን አገልድማ ወደ ማድቤት ነው።

ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት

የዱቲ ፕሮግራም አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ወሩ ሲጀምር በኮምፒዩተር ተጽፎ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ስሞች ቀኖቹን ተከትለው በሰልፍ ቆመዋል። ወሩ ሃያ ሲሞላ ግን መልኩ ተለውጧል። ስም በእስክርቢቶ ተሰርዞ ሌላ ስም ከላይ ተጽፏል፣ ቀስት ከ12 ወደ 19 ሄዷል፣ ዳር ላይ «ተነጋግረናል» የሚል ማስታወሻና ፊርማ አለ። የሐኪሞችን ኑሮ ለማወቅ ከንጹሑ ወረቀት ይልቅ ይህን የተደለዘውን ማንበብ ይሻላል። ማን ይሰጣል? ማን ይወስዳል?

ዱቲ መለዋወጥ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ የእኔን ታጭድልኛለህ፣ ነገ እኔ የአንተን እወቃልሃለሁ። ወንፈል የሚያምረው ግን መመለስ ለሚችል ነው። ልጇ የታመመባት ሐኪም የዛሬን ሌሊት ለባልደረባዋ ስትሰጥ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ክፍያውን ለእሱ ትታለታለች፣ ወይም በሌላ ሳምንት፣ ምናልባትም በባሰ ቀን፣ ትመልስለታለች። እሱ ደግሞ ሌላ ሰው በድንገት ሲቀር «እኔ አለሁ» ለማለት ቅርብ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አስቡት፤ አስቀድሞ የታቀደው ዱቲ ለሁሉም በእኩል ይደርሳል፣ ያልታቀደው ግን በስልክ ተጠርቶ ወዲያው መነሳት ለሚችለው ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ቦስተን እንሂድ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ቦሎትኒና ኢማኑኤል፣ በዚያች ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት የሚሠሩ የአውቶቡስና የባቡር ነጂዎችን ደመወዝ መረመሩ። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነጂዎቹ በአንድ የሠራተኛ ማኅበር ሥር ናቸው፣ የሰዓት ክፍያቸው በጾታ አይለይም፣ ዕድገታቸውም በአገልግሎት ዘመን ነው። ከእኛ የደመወዝ ስኬል ጋር ቁርጥ ነው። ሆኖም ወንዱ አንድ ዶላር ሲያገኝ ሴቷ የምታገኘው 89 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ወንዶቹ ትርፍ ሰዓት አብዝተው ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ያለ ክፍያ ፈቃድ አብዝተው ይወስዳሉ። ልዩነቱ የሚሰፋው ትርፍ ሰዓቱ በድንገት ሲመጣ ነው። ተዘጋጅታ የምትጠብቀው ትርፍ ሰዓት ሲሆን ሴቷም ትሠራለች። ቤቱን ማስተካከያ ጊዜ አገኘችና።

ይህን ጥናት ያነበብኩ ቀን ነበር የዱቲው ወረቀት ላይ ያለው ድልዝ ምን እንደሚል የገባኝ።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእንግሊዝ በፕሮፌሰር ጄን ዴከር መሪነት ተጠንቶ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ግምገማ፣ የሚሠሩት ሰዓት ታስቦ እንኳ፣ በሆስፒታል ሐኪሞች መካከል የ18.9 በመቶ ልዩነት አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ደግሞ በዓለም የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች መካከል ልዩነቱ 24 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሠራተኞቹ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ሆነው ሳለ።

አንድ መቶ ሃያ ቀን

በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዟ ጋር አላት። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ወደ ኪሶቹ ተመለሱ። «ከሙሉ ደመወዟ ጋር» ማለት አንደኛው ኪስ ይሞላል ማለት ነው። ሦስቱ ለአራት ወር ባዶ ናቸው። ከፈቃድ ስትመለስ ደግሞ የማታው ክሊኒክ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቷል፤ በሽተኛውም አዲሱን ሐኪም ለምዷል። ክሊኒክ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ሁለት ቀን ዘግቶ ያገኘው ደንበኛ በሦስተኛው ቀን ሌላው ጋ ያስፈጫል። ስለዚህ በየማታው የሚገኘው ሐኪም ከእሷ ሦስት እጥፍ ማታ ሲሠራ የሚያገኘው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። «የእገሌ በሽተኞች» ይባላሉ፣ ስሙ ይጠራል፣ የማታው ዋጋም ይጨምርለታል።

ስፔሻላይዜሽን ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። ከፍኖተ ሰላም ሬዚደንሲ ለመግባት እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ወዳለ ቦታ መሄድ ግድ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ዱቲውም ከሁሉ የከፋ ነው። ሰው ለዚህ የሚዘጋጀው በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ትዳርና ልጅም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ወንዱ ሬዚደንት ሲሆን ሚስቱ ቤቱን ይዛ ትጠብቀዋለች፣ ወይም አብራው ትሄዳለች። ሚስቱን ተከትሎ ሥራውን ለቆ የሄደ ባል ግን አገሩ ሁሉ የሚያወራለት ነው፤ ብርቅ ስለሆነ። ስፔሻሊስትና ጠቅላላ ሐኪም በደመወዝ ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው፤ በማታ ገቢ ያላቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። አንድ ዓመት የዘገየ ሬዚደንሲ እስከ ጡረታ የሚከተል ጥላ አለው።

መንገዱንም አንርሳ። ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ሐኪም ቡሬ ላይ የማታ ክሊኒክ ቢያገኝ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ በስሟ የሚያውቃትን ማንኩሳን አልፎ ሄዶ ሌሊት መመለስ አለበት። ይህ መንገድ ድሮም ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ቀላል አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ለማንም እንዳይቀል አድርጎታል። አደጋ ሲበዛ ደግሞ የሌሊት ሰዓት ይበልጥ ይወደዳል፤ ዋጋውም ሊደፍር ለሚችለው ብቻ ይሆናል።

«ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?»

እስካሁን ስለ ሰዓት ብቻ ነው ያወራነው። አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሠራውስ?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ትዕይንት አለ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተመላላሽ ክፍል ይገባሉ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሐኪም ትመረምራቸዋለች፣ መድኃኒት ትጽፍላቸዋለች፣ ወረቀቱን ትሰጣቸዋለች። እሳቸው ግን አይነሱም። «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» ይላሉ። «አባቴ፣ ዶክተሯ እኔ ነኝ» ትላቸዋለች። ከጎኗ መርፌ የሚያዘጋጀው ወንድ ነርስ በበኩሉ ከጠዋት ጀምሮ «ዶክተር» ሲባል ውሏል። ሰው የሚስቅበት ነገር ነው፤ እኔም ስቄበታለሁ። የማታ ክሊኒክ ባለቤት ግን አይስቅበትም። ማን ቢቀመጥ በሽተኛ እንደሚመጣ ያሰላል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በየቀኑ በገንዘብ የሚመነዘረው እዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እሷን ፈልጎ የሚመጣ በሽተኛ አለ። ከወምበርማ ተነስተው የመጡ እናት እንበል። መጀመሪያ «ራሴን ያመኛል» ይላሉ። ሐኪሟ ትጠይቃቸዋለች፤ «ሆዴንም ይነፋኛል» ይላሉ። ትመረምራቸዋለች፣ ትጽፍላቸዋለች። ተነስተው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጃቸው በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳሉ። «ልጄ፣ አንዲት ነገር ደግሞ ልንገርሽ መሰለኝ…» የመጡበት ጉዳይ ይሄ ነው። ማህፀናቸው ከወረደ ዓመት ሆኖታል። ለባላቸው አልነገሩም፣ ለጤና ጣቢያው ወንድ ባለሙያም አልነገሩም። ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀምጣ «ይቀመጡ እናቴ» ትላቸዋለች። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ውጭ ሰልፉ ረዝሟል።

ክሊኒኩ የሚከፍላት ባየችው በሽተኛ ቁጥር ከሆነ ያ ሃያ ደቂቃ ከራሷ ኪስ ነው የወጣው። ይህንንም የለኩ አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት ሴት የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ከእያንዳንዱ በሽተኛ ጋር ከወንዶቹ 15.7 በመቶ የበለጠ ጊዜ ያሳልፋሉ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ግድም ማለት ነው። በዓመት ከምርመራ የሚያስገቡት ገንዘብ ግን በ10.9 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንድ በሽተኛ የሚያስገቡት እኩል ነው፤ የሚያዩት በሽተኛ ቁጥር አነሰ እንጂ። ቀደም ብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው የገፋ የሆስፒታል ተኝቶ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በሴት ሐኪም የታከሙት በሠላሳ ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በመጠኑ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ነገር ያስገርማችኋል፦ ለበሽተኛው የሚጠቅመው ደቂቃ ለሐኪሟ የሚያስከፍላት ደቂቃ ነው።

ከላይና ከታች

«ታዲያ ሴቶች ወደ ላይ ሲወጡ ይስተካከላል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ላዩን እንየው። ዶ/ር ሊያ ታደሰ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ነበሩ፤ የተኳቸው ዶ/ር መቅደስ ዳባም ሴት ናቸው፣ ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች። ታቹ ደግሞ የሴቶች ነው። በ1995 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ የገጠሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። በሰከላና በቋሪት ዳገት ለዳገት እየዞሩ እናቶችን የሚመዘግቡ እነሱ ናቸው፣ የጤናው ዘርፍ ዝቅተኛ ተከፋዮችም እነሱ ናቸው። ላዩ ላይ ሴት፣ ታቹ ላይ ሴት፤ መሐሉ ላይ፣ የማታው ክሊኒክና የዱቲው ወረቀት ያለበት ቦታ፣ ሚዛኑ እንዳጋደለ ነው። ሚኒስትር መሾም የሌሊት ሰዓትን ዋጋ አይቀይርም።

ፋርማሲስቷ ያመለጠችው እንዴት ነው?

ክላውዲያ ጎልዲን የምትባል የምጣኔ ሀብት ምሁር ይህን ጉዳይ ሙሉ ዕድሜዋን አጥንታ በ2023 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ከሥራዎቿ ውስጥ እኔ የምወደው ስለ አሜሪካ ፋርማሲስቶች ከላውረንስ ካትዝ ጋር የጻፈችው ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ፋርማሲስት ማለት የራሱ መደብር ያለው፣ ደንበኛውን በስም የሚያውቅ፣ ሌሊትም በር ሲንኳኳ የሚነሳ ሰው ነበር። የክፍያው ልዩነትም ሰፊ ነበር። ዛሬ ግን በዚያች አገር ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ሙያዎች መካከል በወንድና በሴት መካከል ልዩነቱ በጣም ጠባብ ከሆነባቸው አንዱ ፋርማሲ ነው።

ምን ተፈጠረ? ማንም ለሴቶች ተብሎ ያወጣው ሕግ አልነበረም። መደብሮቹ ትልልቅ ድርጅቶች ሆኑ፣ መድኃኒቱ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሆነ፣ የደንበኛው መዝገብ በኮምፒዩተር ገባ። በዚህ ምክንያት አንዷ ፋርማሲስት ሥራዋን ለሌላዋ አስረክባ ስትሄድ በሽተኛው የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰው በሰው መተካት ሲችል የሌሊት ሰዓት ልዩ ዋጋ አይኖረውም፤ ግማሽ ቀን የሠራች የግማሽ ቀን ታገኛለች፣ ሙሉ ቀን የሠራ የሙሉ ቀን ያገኛል፣ ከዚያ ያለፈ ጉርሻ የለም። በገበያችን ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ መጋዘን ሲኖር የታኅሣሥና የሐምሌ ዋጋ ይቀራረባል፤ ጎተራ የሌላት ገበሬም ትተነፍሳለች።

ይህ ወደ እኛ ሲመጣ ሥራው ተራ ነገር ነው፤ ፍልስፍና አይጠይቅም። የበሽተኛው ካርድ በግልጽ ተጽፎ ማታ ለሚረከበው ቢተላለፍ፣ ርክክቡ በአምስት ደቂቃ የቃል ወሬ ሳይሆን በወረቀት ቢሆን፣ አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም ከሚቆይ ሥራው በፈረቃ ቢከፈል፣ የዱቲው ፕሮግራም ሳይዘገይ አስቀድሞ ቢወጣ፣ የተተካ ዱቲ ማን እንደወሰደው ተመዝግቦ በወሩ መጨረሻ ቢታይ። ሐኪም በበቂ ቁጥር ሳይኖር ፈረቃ አይቻልም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ግን ፕሮግራሙን አስቀድሞ ማውጣት ተጨማሪ ሐኪም አይፈልግም፤ ወረቀትና ቀና ልብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የቦስተኖቹ ነጂዎች ነገር ትዝ ካላችሁ፣ ሴቷን የጎዳት የትርፍ ሰዓቱ መብዛት ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በሕግ አለን። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል። ማቆያ ማለት ደግሞ በዚህ ምዕራፍ ስንፈልገው የነበረው ጎተራ ነው፤ መንግሥት የሚሠራው የጋራ ጎተራ። የተከፈተበት መሥሪያ ቤት የምትሠራ እናት ልጇን ጠዋት አስገብታ ማታ ትወስዳለች።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ማቆያው የቢሮ ሰዓት ሲያልቅ ይዘጋል፤ ዱቲ የሚጀምረው ያኔ ነው።